ፊርዶስ ሳይንስ አይሆንላትም

ሙርሺዳን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷን ያውቃል። በሰው አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲው ማቆሚያ ሦስተኛው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ዳቦ፣ ወተት፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሲጋራም እየነጠለች ትሸጣለች። ፊት ለፊቷ ሌባ ፈርታ ያሠራችው የብረት ፍርግርግ አለ። ሰው እጁን በፍርግርጉ አስገብቶ ሳንቲሙን ይሰጣል፣ ዳቦውን ይቀበላል፣ "ታንክዩ ማይ ፍሬንድ" ብሎ ይሄዳል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ማይ ፍሬንድ ሲላት ኖረ፤ ስምሽ ማነው ያላት ግን አንድም ሰው የለም።

ባሏ አዩብ ዕቃ ላመጣ ነው ብሎ ደርባን ሄደ፣ እዚያው አግብቶ ቀረ። ሦስት ወልዷል አሉ። የመጨረሻዋ ቁርጥ እሱን ናት አሉ፣ ጆሮዋ ሳይቀር። ሙርሺዳ ይህን ሁሉ ጠይቃ አይደለም የሰማችው። ወሬ በር ቢዘጉበት በመስኮት ነው የሚገባው።

እሷን አላህ ልጅ አልሰጣትም። ቡታጅራ ያለው ታናሽ ወንድሟ ዩሱፍ ግን አምስት ነበሩትና አራተኛዋን፣ ፊርዶስን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ከመንገደኛ ጋር ላከላት። "እቴ፣ ብቻሽን ከምትሆኚ አንቺው ጋ ትደግ፤ እዚያም ትማር፤ አደራ" አለ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ፊርዶስ አሥራ አምስት ሞላት፣ ዘጠነኛ ክፍልም ደረሰች።

ልጅቷ ምን ዓይነት ናት ብትሉ ጠያቂ ናት። የወተቱ ማቀዝቀዣ ውስጡ በረዶ ሆኖ ጀርባው ለምን ይግላል ብላ ሳምንት ሙሉ ከኋላው እየዞረች በእጇ ስትነካ የከረመች ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት እንደመጣች የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና የቀኑን ወሬ ታወርዳለች። የትኛዋ አስተማሪ ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈች፣ የዙሉ ቋንቋ አስተማሪው ጥርስ አስተክሎ መናገር እንዳቃተው፣ የማን እናት ትምህርት ቤት መጥታ እንደጮኸች። ሙርሺዳ ያን ትምህርት ቤት ረግጣው አታውቅም፤ ነገር ግን ከዳይሬክተሩ የበለጠ ታውቀዋለች። እውነቱን ለመናገር የሙርሺዳ እራት ያ ወሬ ነበር። ወጡማ ማጣጫ ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጥር ላይ ለሚጀምሩት አሥረኛ ክፍል የሚማሩትን ሊመርጡ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አሳዳጊ ይፈርም ተባለ። ሙርሺዳ አዲሱን ሻሿን አስራ ሄደች። እንግሊዝኛዋ ከዳቦና ከወተት አያልፍም፤ ስለዚህ የምታስተረጉምላት ራሷ ፊርዶስ ናት።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ወረቀቱን በጣቷ እየነካች።

"እነዚህ ግዴታ ናቸው እቴቴ። እንግሊዝኛ፣ ዙሉ፣ ሒሳብ፣ ላይፍ ኦሬንቴሽን። ሦስቱን ብቻ ነው የምመርጠው።"

"ላይፍ ምን?"

"ስለ ኑሮ ነው። እንዴት እንደሚኖር ያስተምራሉ።"

"ኑሮን? በክፍል? እንዲያ ከሆነ እኔን ይቅጠሩኛ!"

"እቴቴ በአላህ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! ይሄኛውስ?"

"ኮንሱመር ስተዲስ። ስለ ሸማች ነው፤ እንዴት እንደሚገዛ።"

"ወይ ጉድ! ሰው ለመግዛትም ይማራል? እኔ ጋ በየቀኑ የሚመጡትን ታዲያ ማን አስተማራቸው? ይሄስ?"

"ቱሪዝም። አገር ማስጎብኘት።"

"አንቺ? ከሱቅና ከትምህርት ቤት ሌላ የት ታውቂና ነው የምታስጎበኚው!" ብላ ሳቀች። ፊርዶስ አልሳቀችም።

ተራቸው ደረሰና አስተማሪዋ፣ ማም ማሴኮ የሚሏት ወፍራም ደግ ሴትዮ፣ አስቀመጠቻቸው። ብዙ ተናገረች። ፊርዶስ አንገቷን ደፍታ ቀስ እያለች ተረጎመች።

"በሳይንስ ሰማንያ አራት አምጥታለች ነው የምትለው። ከዘጠነኛ ክፍል በሙሉ አንደኛ ናት ትላለች። ፊዚካል ሳይንስ መማር አለባት ትላለች።"

"ማሻአላህ! በያት፣ አባቷም እንዲህ ነበር።"

"ግን እዚህ የሳይንስ አስተማሪው ለቋል። ለሚቀጥለው ዓመት የአሥረኛ የሳይንስ ክፍል አይከፈትም። ሳይንስ የሚፈልግ ከተማ ሄዶ ነው የሚማረው። ሜይፌር አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ ትላለች። እስከ መጪው አርብ ተፈርሞ ይምጣ አለች።"

ሙርሺዳ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ሜይፌር ማለት ሁለት ታክሲ ነው፣ መንገዱ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት። ተመላልሶ የሚማሩበት አይደለም። እዚያ ማደር ነው።

ማደሪያው ደግሞ ወዲያው ተገኘ። ሙርሺዳ ዕቃ የምትረከብበት የጅምላ ነጋዴ ሚስት ሸፊቃ ሜይፌር ነው የምትኖረው፤ ልጇ ራኒያ እዚያው ትምህርት ቤት ናት። ገና ከስብሰባው ሳይወጡ ደወለች፤ ሸፊቃ እንደሁ ከሰውየው ቀድማ የሰውየውን ጉዳይ ታውቃለች። "እኔ ጋ ትሁን! አልጋ አለ፣ ራኒያም ጓደኛ ታገኛለች፤ አርብ አርብ ትመጣልሻለች" አለች። አርብ አርብ! ሳምንቱ ሰባት ቀን እንዳለው የማታውቅ ይመስል።

ቤት ሲደርሱ ፊርዶስ ሱቁን ልትከፍት ወደ ፊት ሄደች። ሙርሺዳ ከኋላ፣ ዕቃው ከተከመረበት ክፍል ገባችና ስልኳን አወጣች። መጻፍ አትችልም፤ ነገሯን ሁሉ በድምፅ ነው የምትልከው። ቁልፏን በአውራ ጣቷ ተጫነች።

"ዩሱፍ ወንድሜ፣ ሰላም ነህ ወይ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ለልጅቷ ትምህርት ስብሰባ ሄጄ መምጣቴ ነው። መምህሯ፣ ፊርዶስ ሳይንስ አይሆንላትም አለች። ይከብዳታል አለች። ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁ ሁሉ አጫሽ ነው አሉ። እዚሁ የንግዱን ትማር፣ ምን ትላለህ?"

ጣቷን አነሳች። ሽው ብሎ ሄደ። ሀያ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

መልሱ ከመግሪብ በፊት መጣ። ሙርሺዳ ስልክ ጆሮዋ ላይ አትለጥፍም፤ ከፍ አድርጋ ነው የምትሰማው። ፊርዶስ ሳህን እያጠበች ነበር።

"አንቺ ያልሽው ይሁን እቴ" አለ የዩሱፍ ድምፅ። "ሳይንሱ ካልሆነላት ምን ይደረጋል፤ እዚያው የንግዱን ትማር። አንቺ እናቷ ነሽ።"

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ውሃው ብቻ ይወርዳል። ፊርዶስ ዞር ሳትል "እሺ" አለች። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችው።

በነጋታው ወረቀቱ የስኳሩ ኬሻ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ቱሪዝም፣ ቢዝነስ፣ ኮንሱመር፣ ሦስቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። ከታች የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ሙርሺዳ ልፈርም ብላ ታነሳዋለች፣ ደንበኛ መጣ ብላ ታስቀምጠዋለች። እንዲህ እያለች ሰኞም ማክሰኞም አለፈ።

አሁን እንግዲህ ያሰበችው ሞላላት፤ ልጅቷ የትም አትሄድባትም። ታዲያ ምን ሆነ? ሳጥኑ ተገልብጦ ልጅቷ ተቀምጣበታለች፣ ወሬው ግን የለም።

"ዛሬ ትምህርት ቤት ምን አለ?"

"ምንም።"

"ያ ጥርስ ያስተከለውስ? ለመደለት?"

"አላየሁትም።"

"የሒሳቧ ፀጉሯን ዛሬስ ምን አድርጋው መጣች?"

"እኔ እንጃ እቴቴ። የቤት ሥራ አለኝ።"

የቤት ሥራም ስትሠራ ድሮ ድምፅ እያወጣች ነበር፤ አሁን ከንፈሯ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሙርሺዳ ሬዲዮ ከፈተች። ሬዲዮው የሚያወራው በሶቶ ቋንቋ ነው፣ አንዲት ቃል አይገባትም፤ ቢሆንም አልዘጋችውም። ማክሰኞ ከሰዓት ዳቦ ልትገዛ የመጣች አሮጊት "ኡንጃኒ?" ብላ ደህንነቷን ብትጠይቃት ሙርሺዳ ዳቦውን ይዛ ፈዝዛ ቀረች። አሮጊቷ እጇን በፍርግርጉ አስገብታ ዳቦውን ራሷ ወሰደችው።

ወሬ ደግሞ በዚህ መሀል ሥራውን እየሠራ ነው። ዩሱፍ ለሚስቱ ነገረ፤ "ፊርዶስ ሳይንስ አልሆነላትም።" ሚስቱ ቡታጅራ ገበያ ለሸፊቃ እህት ነገረች፤ እዚያ ሲደርስ "ትምህርት አልሆነላትም" ሆነ። የሸፊቃ እህት ለሸፊቃ ደወለች፤ ሜይፌር ሲገባ "ትምህርት አቁማለች" ሆኖ ገባ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ትምህርት አቆመች ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣውን የማያውቅ የለም። አሥራ አምስት ሆነች ሀያ፣ ቆጥሮ የሚጠይቅም የለ።

ረቡዕ ሸፊቃ ደወለች።

"አንቺ! እኔ አልጋ አዘጋጅቼ ልጅቷ ትምህርት አቆመች ይሉኛል?"

"ማነው ያለው?"

"ማን ያላለ አለ! ለማንኛውም አትዘኚ፣ አላህ አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል። ነስሩን ታውቂው የለ? ዲፕስሉት ሁለት ሱቅ ያለው?"

"ያ ፀጉሩ ከፊቱ የሸሸው?"

"ፀጉር ምን ይሠራልሻል! ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቅን ልጅ ነው፣ ሰላቱን አይዘልም። ሰዎቹ ቡታጅራ አባቷ ጋ ሄደዋል አሉ።"

ሙርሺዳ ስልኩን ሳትዘጋው አስቀመጠችው። ሸፊቃ ከኬሻው ላይ ብቻዋን ለብዙ ጊዜ አወራች።

ሐሙስ ጠዋት የዩሱፍ ድምፅ መጣ። ሙርሺዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

"እቴ፣ ሰዎች መጥተው ልጅቷን ጠየቁኝ። ትምህርቱ ካልያዘላት ብለው ነው። ልጅ ናት ብያቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ቃሉን ብቻ ስጠን ይላሉ። እኔ ምንም አልመለስኩም። እህቴን ሳልጠይቅ አልናገርም ነው ያልኳቸው። ልጅቷን የምታውቃት አንቺ ነሽ። የምትዪኝን እጠብቃለሁ።"

ሙርሺዳ ራሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው ለአዩብ የተዳረችው። አዩብ ዛሬ የት እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

ቁጭ አለች። ልጅቷ ሜይፌር ብትሄድ አርብ አርብ ትመጣለች። ዲፕስሉት ብትሄድ ግን አርብ የሚባል የለም፤ ሌላ ፍርግርግ ውስጥ ቆማ ዳቦ ስትሸጥ ትኖራለች። እንግዲህ ሙርሺዳ ለልጅቷ አሰበች ወይስ ለራሷ፣ እሱን አላህ ይወቀው። ሰው ሁለቱን ለይቶ የሚያስብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቁልፏን ተጫነች፣ ለቀቀችው። ደግሞ ተጫነች፣ "ዩሱፍ" ብላ አጠፋችው። ሦስቴ፣ አራቴ፣ ስድስቴ። በመሀል ለሁለት ሰው ስኳር ሸጠች። በሰባተኛው እንዲህ አለች።

"ዩሱፍ፣ ዋሽቼሃለሁ። መምህሯ እንዲያ አላለችም። ልጅህ ሰማንያ አራት ነው ያመጣችው፣ ከሁሉም አንደኛ። ሳይንስ ከተማ ነው ያለው፣ እሷም እዚያ ልትሄድብኝ ሆነ። ለምን ዋሸሽ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ብትጠይቀኝም ሌላ ውሸት ነው የምነግርህ። ለሰዎቹ ልጄ ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ እንዳትመጡ በላቸው።"

ማንበብ ባትችልም ሁለቷ ምልክት ሰማያዊ ስትሆን ሰውየው እንደሰማ ታውቃለች። ሰማያዊ ሆነች። ጠበቀች። ዳቦ የጫነችው መኪና መጥታ ሄደች፣ መልስ የለም። ቀትር ላይ አንዲት አጭር ድምፅ መጣች። "ሰምቻለሁ" ብቻ። እቴ የለ፣ ወንድምሽ ነኝ የለ። ሰምቻለሁ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ፊርዶስ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቁ ዝግ ሆኖ አገኘችው። ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት። የአዩብ ሌላ ማግባት የተሰማ ቀን እንኳ ያ ሱቅ አልተዘጋም። ደንበኛው ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ "ማማ! ብሬድ ማማ!" ይላል።

"ምን ሆንሽ? አሞሻል?" አለች ልጅቷ በጓሮ በር እየሮጠች ገብታ።

"ደህና ነኝ። ነይ ተቀመጪ።"

"ሌባ ገባ?"

"ተቀመጪ አልኩሽ እኮ ፊርዱ።" ሙርሺዳ የሻሿን ጫፍ ይዛ ትጠመዝዛለች። "ያን ቀን የሰማሽው የአባትሽ ድምፅ… አባትሽ አይደለም። እኔ ነኝ። መምህሯ አይሆንላትም አለች ብዬ የላክሁለት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"እቴቴ፣ ማም ማሴኮ ስትናገር የተረጎምኩልሽ እኮ እኔ ነኝ።"

ሙርሺዳ ይህን ያህል ስትዋሽ፣ ስትፈራ፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ ሰማንያ አራቱን ማን እንደነገራት ረስታው ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሸታም ገና ብዙ መማር አለበት፤ ያ የኑሮ ትምህርት ለሷም ያስፈልጋት ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? ውሸታም ነሽ ልበልሽ?"

"በይኝ።"

"አልልም።" ልጅቷ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች ትዘጋለች። "አንቺ ዕቃ ልትገዢ ጂፒ ገበያ ስትሄጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ሱቅ እውል የለ? ጠዋት ከወጣሽ እስክትመለሺ አንዲት ቃል አማርኛ ከአፌ ሳይወጣ ይመሻል። ስትመጪ ድምፄ ይሻክርብኛል። እና… አንቺ በየቀኑ እንዲያ ልትሆኚ ነው ብዬ አሰብኩ።"

ሙርሺዳ ይህን አልጠበቀችም። ቁጣ ነበር የጠበቀችው፤ ለቁጣ መልስ አላት። ለዚህ ግን ምንም አላገኘችምና ራሷ ተቆጣች።

"ማነው እዘኚልኝ ያለሽ! አንቺ ሳትወለጂ እዚህ አገር የገባሁ ሰው ነኝ! አምጪ ያን ወረቀት!"

ወረቀቱን ከኬሻው ላይ አንስታ ራሷ ለሁለት ቀደደችው። ፊርዶስ ጮኸች። "እቴቴ! ነገ እኮ ነው የመጨረሻው ቀን! ሌላ ወረቀት የለኝም!"

"መቀበል ነዋ።"

አርብ ጠዋት ሱቁ እንደገና ተዘጋ። ማም ማሴኮ ሌላ ወረቀት ሰጠቻቸው፣ የከተማውን ትምህርት ቤት ማመልከቻም ጨመረች። የከተማው እንግሊዝኛ ከበድ ያለ ነው፣ ሆም ላንጉጅ የሚባለው ነው አለች።

"የቤት እንግሊዝኛ ማለት ነው" አለች ፊርዶስ።

"የማን ቤት? በኔ ቤት እንግሊዝኛ የለም በያት።"

ፊርዶስ ምን ብላ እንደተረጎመችው አይታወቅም፤ ማም ማሴኮ ብቻ ሳቀችና የሙርሺዳን ትከሻ መታ መታ አደረገችው። ፊዚካል ሳይንስ፣ ላይፍ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ። ሙርሺዳ ዕቃ ስትረከብ የምትጭረውን ጭረት ከታች ጫረችው። አስተማሪዋ እዚያው ቆማ ስሟን ጠየቀቻትና በትልልቁ ከጎኑ ጻፈችላት።

ጥር ላይ የሸፊቃ ባል መኪና መጣ። ፊርዶስ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ሙርሺዳ ደንበኛ አለብኝ ብላ ከፍርግርጉ ኋላ ቆማ ቀረች፤ ደንበኛ ግን አልነበረም። ልጅቷ ተመልሳ በጓሮ ገብታ አቀፈቻት። "ሂጂ ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ" አለቻት።

የመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሰው ሩዝ እየቀቀለች የአንዱን ለጎረቤት ውሻ ስትሰጥ ከረመች። ዩሱፍ ድምፅ መላክ ጀምሯል፤ የሚያወራው ግን ስለ ዝናብ ነው። አርብ ደረሰ፣ ፊርዶስ አልመጣችም። ሰኞ ፈተና አለ፣ ከራኒያ ጋር እናጠናለን ብላ ላከች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሙርሺዳ ደወለች።

"እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ? አስተማሪዎቹ እንዴት ናቸው? ማን ከማን ተጣላ?"

"ገና አላወቅኋቸውም እቴቴ። የማውቀው ትምህርቱን ብቻ ነው።"

"እሱኑ ንገሪኝ።"

"አይገባሽማ።"

"ንገሪኝ አልኩ!"

"እሺ። ሶዲየም የሚባል አለ። ብረት ነው፣ ግን በቢላ ይቆረጣል። ውሃ ከነካው ይጨሳል፣ ይነዳል።"

"ውሃው ምን አድርጎት?"

"ምንም! ጠባዩ ነው። ከክሎሪን ጋር ሲሆን ደግሞ ይስማማል፤ ጨው ይሆናሉ።"

"እንዲህ ያለማ ቡታጅራም አለ። ቀጥይ።"

"ከማንም ጋር የማይቀላቀሉም አሉ። ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።"

"ለምን? ኩራት ነው?"

"አይደለም፣ የሚጎድላቸው የለም። በቃ ሙሉ ናቸው።"

ሙርሺዳ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

"ውሸት ነው" አለች። "እንዲያ ያለ የለም። አንድ የሚደብቁት ነገር አለ፣ ደህና አድርገሽ አጥኚ።"

ፊርዶስ ስትስቅ ከበስተኋላዋ ራኒያ "ማነች?" ስትል ተሰማ። "እቴቴ ናት" አለች ልጅቷ። "እቴቴ፣ ልሂድ፣ እየጠበቁኝ ነው።"

"ቆይ ቆይ፣ አንዴ" አለች ሙርሺዳ። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። "ሌላስ? ሌላ ማን አለ?"